የስድስት ቁጥር ጭቃ

ሠላሳ አንድ ዓመት ማልያ ሳጥብ ኖርኩኝ፣
ጨዋታውን ሳይሆን ጭቃውን ተማርኩኝ።
የበረኛው ጭቃ ክርኑ ላይ ይደርቃል፣
የአጥቂውን ልብስማ ውሃ ብቻ ይበቃል፤
የመሐል ተጫዋች ልብስ ግን ሲመጣ
ግማሹ ሜዳ ነው ከባልዲ የሚወጣ።

በጥር ነው የመጣው። የዩትላንድ ነፋስ
ጆሮ ሲገሸልጥ፣ ዓይንን ሲያስለቅስ፣
እርሱ ግን ፊቱ ላይ የበጋ ፀሐይ አለ፣
በስስ ጃኬት ቆሞ «ይሄ ነው ወይ?» አለ።

ሮሃን ፔትሬስኪ፣ ከፖርት ኬምብላ፣
ብረት ከሚቀልጥበት፣ ከወደቡ ኋላ።
አባቱ ምድጃ ፊት የኖረ ሠራተኛ፣
እናቱ ነርስ ናት፣ የሌሊት ተረኛ።
አያቱ ከመቄዶንያ በመርከብ የሄዱ፣
ከሻንጣቸው በፊት ኳስ አቅፈው የወረዱ።

የመጀመሪያው ዓመት ወንበር ላይ አለቀ።
ማልያው እንደታጠፈ ሲመጣ እኔው አፈርኩለት።
ንጹሕ ልብስ ማጠብ ምን ይባላል?
ውሃ ነክሬ መለስኩለት።

አንድ ቀን ሱፐርማርኬት ውስጥ ከሩቅ አየሁት፣
ወተት ሊያነሣ ሲል በዓይኔ ተከተልኩት፤
እጁን ሳይዘረጋ ግራ ትከሻውን፣
ደግሞ ቀኙን ዞሮ፣ ገልምጦ ኋላውን፣
እንደ ሌባ አየ።
ማንም የለም። አንዲት አሮጊት ብቻ፣ ዳቦ ስትመርጥ።
ያኔ ነው የገባኝ፤
ይሄ ልጅ ኳሱ ሳይደርሰው
ሰዉን ሁሉ ቆጥሮ ይጨርሳል።

በሁለተኛው ዓመት ልብሱ ከበደኝ።
ደስ አለኝ።
ጋዜጣ ስሙን አይጽፍ፣
ግብ ያገባው ሲዘል፣ ሲሳም፣ ሲታቀፍ፣
ላቀበለው ሰው ያቀበለው እርሱ ነው፤
ያንንስ ማን ቆጠረው?
እኔ። በሳሙና።

ሀገሩ ስትጠራው ሦስት አውሮፕላን ይቀያይራል፣
ሠላሳ ሰዓት በርሮ ወንበር ላይ ይውላል።
አንዴ ዐሥራ አንድ ደቂቃ አስገቡት።
ሠላሳ ሰዓት መለስ፤
ቅዳሜ እኛ ሜዳ ላይ፣ ዓይኑ ደም መስሎ፣
ይሮጣል፣ የትኛው አህጉር እንዳለ ረስቶ።

ያቺን ቢጫ ማልያ ለሆቴል አላምንም ብሎ
ለኔ አመጣት፣ በፌስታል ጠቅልሎ።
ደረቷ ላይ የሣር አረንጓዴ ነበረ፤
በሆምጣጤ ብል፣ በብሩሽ ብል፣ እምቢ ብሎ አደረ።
«ተወው ፕሬበን» አለኝ፣
«አባቴ የዚያን ለታ ማታ ፈረቃ ነበር፤ አላየኝም።
ይሄን ነው የማሳየው።»

ከዚያ ጉልበቱ።
በሚያዝያ፣ ማንም ሳይነካው፣ ባዶ ሜዳ ላይ።
ሰው አንድ ጉልበት ሲያጣ
ሌላውንም ጉልበት ያጣል፤
ዘጠኝ ወር ሙሉ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ
ብስክሌት ሲረግጥ፣
እኔ ስጠምቅ፣
ማሽኑ ሲያጓራ፣
ብዙ አላወራንም።

ሲድን በውሰት ለግሪክ ሰጡት፣
እንደ ጎረቤት መጥረቢያ።
ከግሪክ ደግሞ ኮሪያ ገዛው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤
እኔ እዚህ ባልዲ ላይ የቆየሁትን ያህል።
የሄደ ቀን ጓንት ሰጠኝ፣ የሞቀ፣ የሱፍ፤
በጥር ሲመጣ የገዛው፣ አንድም ቀን ያላጠለቀው።

አሁን ስድስት ቁጥር ሌላ ልጅ ለብሶታል።
ጥሩ ልጅ ነው። ልብሱ ቶሎ ይነጻል።
ምንም አልልም።

እሑድ ማለዳ የኮሪያን ጨዋታ እከፍታለሁ።
ምስሉ ይቆራረጣል፤ ቁጥር አይታይ፣ ፊት አይለይ።
ሚስቴ «የቱ ነው?» ትለኛለች።
«ኳሱን ተይው፤ ኳስ የሌለበትን እይ።»
አንዱ ዞር አለ፣ በግራ፣ ደግሞ በቀኝ።
እሱ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን እዚያ ያለው አጣቢ ነው፤
ቢጫዋን ድንገት ቢያገኛት፣
ሥራውን የሚወድ ሰው ከሆነ፣
ያንን ሣር እንዳያስለቅቀው።